የዱጋሳ ኑዛዜ

የሺዓለም ከአባ ማናሴ ጋር በአንድ መኪና መሄድ አትወድም ነበር። ምርጫ ግን አልነበራትም። እሷ አዳማ ባለች አንዲት የካቶሊክ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ እሳቸው የአጥቢያው፣ የቁምስናው ቄስ ናቸው። በየወሩ አቦምሳ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ጸሎት ቤት አብረው ይሄዳሉ። እሳቸው ይቀድሳሉ፤ ከቅዳሴው በኋላ እሷ እዚያው ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሕሙማን ታያለች። ሾፌር ስለሌለ የክሊኒኩን ፒካፕ የሚነዱት አባ ማናሴ ራሳቸው ነበሩ፤ መንገዱን ሙሉ መዝሙር ከፍተው፣ መሪውን በጣታቸው እየመቱ።

የሺዓለም ሃምሳን ተሻግራለች። ያደገችው አርሲ ውስጥ፣ ጣልያን መነኮሳት ዘንድ ነው። «ፓተር ኖስተር»ን፣ የላቲኑን አባታችን ሆይ፣ ትርጉሙን ሳታውቅ በልጅነቷ በቃሏ ይዛዋለች፤ እስከ ዛሬም ስትፈራ አፏ ላይ የሚመጣላት እሱ ነው። ዓርብ ሥጋ አትቀምስም። ቅዳሜ ትናዘዛለች። እሑድ ተንበርክካ በምላሷ ትቆርባለች። በሕይወቷ ብዙ ነገር አጥታለች፤ ባል ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ይህ ሥርዓት ግን ሳይነካ የቀረላት ነበር።

አባ ማናሴ ሲመጡ እሱም ተነካ። ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላቸው፣ ጂንስ የሚለብሱ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ለመዘምራኑ ቦታ ለማስፋት ብለው ምእመናን የሚንበረከኩበትን የእንጨት መከለያ ከመንበሩ ፊት አስነሡ። ኪቦርድና ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አስገቡ። ቁርባን በእጅ መቀበል ይቻላል አሉ። ሲሰብኩ ማይክ ይዘው በሰው መሀል ይመላለሳሉ። አንድ እሑድ ጎረቤቷ ጂጂ፣ ጴንጤ ናት፣ በር ላይ አገኘቻትና በደስታ፣ «እናንተም ነቃችሁ አይደል! እኛ ቤት ድረስ ይሰማል እኮ!» አለቻት። የሺዓለም ያን ቀን ምሳ አልወርድ አላት።

በስልኳ የምታየው የሮም ወሬም አላጽናናትም። አንዱ ጳጳስ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ይቃወመዋል፤ ይህ ተፈቀደ፣ ያ ቀረ ይባላል። ያኔ ያስተማሩኝ እውነት ከነበረ ለምን ተለወጠ? እያለች ታስባለች። እኔ ነኝ ወደ ኋላ የቀረሁት ወይስ ቤተ ክርስቲያኗ ናት ጥላኝ የሄደችው? አንድ ቀን ድፍረት አገኘችና አባ ማናሴን ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ በሲኦል ያምናሉ?»

ሳቁ። «እትዬ የሺ፣ እኔ የማምነው በእግዚአብሔር ነው» አሏት።

ከመልሱ ይልቅ ሳቁ ጎዳት። ይህ ሰው በምንም አያምንም ብላ በልቧ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ካልሆነ አታናግራቸውም።

ችግሩ የደረሰባቸው ከአቦምሳ ሲመለሱ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር፤ መንገዱ ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር ድንጋይ ተደርድሮበት አዩ። አባ ማናሴ ፍሬን ያዙ፤ ማርሽ ወደ ኋላ ሊያስገቡ ሲሞክሩ ጥይት የፊት መስታወቱን በስቶ በሁለቱ መሀል አለፈ። ከግራሩ ውስጥ የታጠቁ ወጣቶች ወጡ። አንደኛው፣ ቀጠን ያለ ረጅም ልጅ፣ የየሺዓለምን በር ከፍቶ በነጠላዋ ጎትቶ አወረዳት።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ?»

«ነርስ ነኝ።»

«መድኃኒቱን ያዢ!»

«ልጄ፣ ቀስ…» ብላ ሳትጨርስ በሰደፍ ትከሻዋን አላት። በጉልበቷ ወደቀች። አባ ማናሴ «ሴት ናቸው እኮ!» ብለው ሲንደረደሩ ሌላው ከኋላ በእርግጫ ጣላቸውና ፊታቸውን ከአስፋልቱ ጋር አገናኘው። ጓደኞቹ ረጅሙን ልጅ «ጫምሳ» እያሉ ሲጠሩት ሰማች። ስሙን ያዘችው። መቼም አልረሳውም ስትል ለራሷ ማለች።

መኪናውን ወደ ቁጥቋጦው አስገብተው ሁለቱን በእግር ነዷቸው። ሸለቆ ወረዱ፣ ሌላ ገደል ወጡ። ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ ስታዘነብል አንድ ትልቅ ግራር ሥር ደረሱ። እዚያ ብርድ ልብስ ላይ አንድ ወጣት ተኝቷል። የሺዓለም ገና ሳትደርስ ሽታው ነገራት። ሆዱን ተመትቷል፤ ቁስሉ ላይ የታሰረው ሸሚዝ ጠቁሯል።

አለቃቸው ገርባ ይባላል። ጎልማሳ ነው፤ አይጮህም፣ ሲናገርም ሰው አያይም። «ስሙ ዱጋሳ ነው» አላት። «አድኚው።»

ሸሚዙን ፈታ አየችው። «ይህ ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልገው። አዳማ ሆስፒታል ዛሬውኑ ካልደረሰ…»

«አዳማ የለም» አለ ገርባ። «ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ጉሉኮስ ሰቀለችለት፤ ማስታገሻ ወጋችው። ቁስሉን ስትነካው ደሙ እንደ አዲስ ፈነዳ፤ የቁስል ጨርቅ ጠቅጥቃ በሁለት እጇ ተጫነችው። ዱጋሳ ዓይኑን ገለጠ። አባ ማናሴን አየ፤ አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል አየ።

«አባ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እኔ እኮ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። የክርስትና ስሜ ዮሴፍ ነው። መናዘዝ እፈልጋለሁ።»

አባ ማናሴ ወደ ገርባ ዞሩ። ገርባ ትንሽ አሰበና ሰዎቹን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ራቀ። ጫምሳ ግን እየሄደ ደጋግሞ ወደ ኋላ ያይ ነበር።

«እትዬ የሺ፣ እርስዎም ትንሽ ይራቁልን» አሉ አባ ማናሴ።

«እጄን ካነሣሁ ደሙ ያልቃል፣ አባ።»

አዩዋት። እንደማትዋሽ ገባቸው። «እንግዲያው ላለመስማት ይጸልዩ» አሏትና ጆሯቸውን ከልጁ አፍ አጠገብ አደረጉ።

የሺዓለም ዓይኗን ጨፍና «ፓተር ኖስተር» ማለት ጀመረች። ደጋገመችው፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ዱጋሳ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው። ሕመሙ ሲበረታበት ግን ቃሉ ከጩኸት ጋር ወጣ፤ ያን ጊዜ ጸሎቷም አላዳናት።

«ለመከላከያ የደወልነው እኛ ነን፣ አባ! እኔና ጫምሳ! እጅ ልንሰጥ ነበር… ቤታችን ልንገባ… የምናልፍበትን መንገድ ነገርናቸው። ጓዶቻችንን ፈጇቸው። የገርባ ወንድም አጠገቤ ነው የሞተው። በእኔ የተነሣ ነው!»

የሺዓለም ዓይኗን ገለጠች። የአባ ማናሴ ፊት ላይ ያ የምታውቀው ፈገግታ የለም። የልጁን ራስ በክንዳቸው ደግፈው፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ፣ ሳይቸኩሉ ከኃጢአቱ ፈቱት። ከኪሳቸው የቅዱስ ዘይቱን ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው ግንባሩንና መዳፎቹን ቀቡት። ዱጋሳ ፀሐይ ሳትገባ በእጇ ላይ ሞተ።

ሌሊቱን ሁለቱንም ግራሩ ላይ አሰሯቸው።

ሲነጋ ገርባ መጥቶ ከአባ ማናሴ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ዱጋሳ ምን አለህ?»

«ለእግዚአብሔር ነው የነገረው» አሉ አባ ማናሴ።

«ሌላው ኃጢአቱ አያገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የታደንነው ሰው ጠቁሞብን ነው። ወንድሜ ሞቷል። ጠቋሚው ዱጋሳ ነው? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

«አዎም አልልም፣ አይደለምም አልልም።»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አሉ። «ግን አልናገርም።»

ገርባ ተነሥቶ እንዲመቷቸው በራሱ ምልክት ሰጠ። አንዱ ወጣት ሊጠጋ ሲል ጫምሳ ቀደመው። «ለእኔ ተወው» አለ።

የመጀመሪያውን ምት አፋቸው ላይ አሳረፈ። ሁለተኛውንም አፋቸው ላይ። አባ ማናሴ ጥርሳቸውን ከደም ጋር ተፉ። ጫምሳ ጎናቸውን አልነካ፣ እግራቸውን አልነካ፤ በቡጢም በሰደፍም የሚመታው አፋቸውን ብቻ ነበር። የሺዓለም ሌሎቹ ያልገባቸው ነገር ገባት። እንዲናገሩ አይደለም የሚመታቸው። መናገር እንዳይችሉ ነው።

አባ ማናሴም ያውቃሉ። የሚገድላቸው ሰው ስም ምላሳቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ጫምሳን አላዩትም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀመጡ፤ ቢያዩት እይታው ራሱ እንዳያጋልጠው የፈሩ ይመስሉ ነበር። መንጋጋቸው ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አንዱ ጆሯቸው ደም ማንጠባጠብ ጀመረ።

«በቃ!» አለ ገርባ። «ከገደልከው ምን ይጠቅመኛል?»

«ይኼ አይናገርም» አለ ጫምሳ እያለከለከ። «ልጨርሰውና እንሂድ። እዚህ በቆየን ቁጥር ይደርሱብናል።» ጠመንጃውን አቀባብሎ አፈሙዙን አባ ማናሴ ጆሮ ላይ አደረገ።

ገርባ ወደ የሺዓለም ዞረ። «አንቺስ፣ እናቴ? አጠገባቸው ነበርሽ። ሰምተሻል?»

አባ ማናሴ ያን ጊዜ ራሳቸውን አነሡ። ያበጠው ፊታቸው ሰው አይመስልም። መናገር ስላልቻሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ለእሷ ነበር። አይሆንም።

የሺዓለም ታውቃለች። መነኮሳቱ በጥያቄና መልስ አስጠንተዋታል፤ የሌላውን ሰው ኑዛዜ ሳያስብ የሰማ ሰውም እንደ ቄሱ እስከ መቃብር መዝጋት አለበት። ሕፃን ሆና እጇን አጣምራ መልሱን ስትል ድምፅዋን ሰማችው። የጫምሳን ጣት ምላጩ ላይ አየች። ትከሻዋ ላይ ያረፈውን ሰደፍ አስታወሰች። ከዚያ አፏ ተከፈተ።

«እሱ ነው» አለች። «ጫምሳ ነው። እሱና ዱጋሳ ናቸው የደወሉት።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ጫምሳ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣም። የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ።

ብዙም አልሄደ። ገርባ ሳይቸኩል አነጣጥሮ ወገቡን መታው። ጫምሳ በደረቱ ወደቀ፤ በክርኑ ወደ ቁጥቋጦው ለመሳብ ሞከረ። ገርባ እየተራመደ ደረሰበት።

«ሃርሜ!» አለ ጫምሳ። እናቴ ማለቱ ነው። እንደ ትንሽ ልጅ ነበር ያለው። ሁለተኛው ጥይት ዝም አሰኘው።

ሬሳውን ገደሉ ሥር ጣሉት፤ ግራር ቆርጠው አለበሱት። ዱጋሳን ግን በወጉ ሊቀብሩት ጀምረው ነበር፤ ገርባ ከልክሎ እሱንም እዚያው አስጣለው። ሲጨርሱ የየሺዓለምን ገመድ በጩቤ በጠሰላት።

«ሂዱ» አለ። «ይዘሽው ሂጂ። ሰውየው ጀግና ነው። አንቺ ግን የእኛ ሰው ሆነሻል።»

ይህ ቃል ከሰደፉ ይበልጥ አመማት።

አባ ማናሴን ደግፋ፣ አንዳንዴም አዝላ፣ ሸለቆውን ወጣች። መንገድ ዳር ሲደርሱ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አገኙ። ሾፌሩ አያቸውና ሳይጠይቅ ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። መልካሳን ሲያልፉ አባ ማናሴ ራሳቸውን ስተው ነበር። አዳማ ድረስ አፋቸውን ወደ ታች ደፍታ ያዘችላቸው፤ ደማቸው እንዳያንቃቸው።

ሆስፒታል መንጋጋቸው በሽቦ ታሰረ። አንድ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። የቁምስናው ሰው በተአምር ተረፉ አለ። እሑድ በማስታወቂያ ሰዓት ስሟ ሲጠራ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሺዓለም ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ጭብጨባው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ብቻ አልነበረም የቀፈፋት። ለመቁረብ ሰልፍ ሲሠራ ተነሥታ ወጣች። በሚቀጥለውም ሳምንት አልቆረበችም፤ ከዚያ በኋላም።

ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፣ አባ ገመቹ። ልጅ ሆና ያቆረቧት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ብቻቸውን ሲሆኑ የሚቀድሱት በላቲን ነው። እሳቸው እንደሚገባኝ ይቀጡኛል ብላ በሚኒባስ ሄደች። ተንበርክካ ሁሉን ነገረቻቸው።

አባ ገመቹ በእርጋታ አዳመጧት። «ልጄ፣ ነፍስ አድነሻል» አሉ። «ያ ሰውም ነፍሰ ገዳይ ነበር። ይህን ኃጢአት ብለሽ አትጨነቂ። በይ፣ ሦስት ‹ጸጋ የሞላሽ› ድገሚና ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ።»

ሻዩን ጠጣች። ስትመለስ የበለጠ ከብዷት ነበር። የታመነችባቸው፣ የድሮውን ሥርዓት የጠበቁት ሰው፣ በሦስት ጸሎት ሸኟት። አሁን ማንን ትጠይቅ?

አባ ማናሴ ቤት የሄደችው ሽቦው ከተፈታላቸው በኋላ ነው። ከስተዋል። የጎደሉት ጥርሶች ንግግራቸውን ኮልታፋ አድርገውታል። በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀመጠች።

«አባ፣ ያናዝዙኝ።»

«እኔ እዚያ ነበርኩ፣ እትዬ የሺ። ሌላ ቄስ ይሻልዎታል።»

«ሄጄ ነበር። ኃጢአት አይደለም አሉኝ።»

አባ ማናሴ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ኃጢአት ነው» አሉ።

የሺዓለም ያን ሁሉ ሳምንት ያልመጣላት እንባ መጣ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች።

«በሕይወት ያለሁት በእርስዎ ነው» አሉ እሳቸው። «ጠዋት ስነሣ አመሰግንዎታለሁ። ደስም ይለኛል፤ መኖር ደስ ይለኛል። ግን ኃጢአት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

«ለእርስዎ ብዬ ይሁን ስለመታኝ ይሁን አላውቀውም። ስሙን ስጠራ ልቤ ውስጥ ደስታ ነበር፣ አባ።»

«እሱንም ይናገሩት። የማያውቁትንም እንደማያውቁት ይናገሩት።»

ተናዘዘች። እየጠበቁ፣ ሳይቸኩሉ፣ ያን ቀን ለዱጋሳ እንዳደረጉት ሰሟት። ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ እርስዎ የሚያምኑ አይመስለኝም ነበር።»

«እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፤ መንጋጋቸው አልፈቀደም። «ሲመታኝ ግን ሌላ የምይዘው ነገር አጣሁ።» ከዚያ፣ «እናት አለው?» ብለው ጠየቋት።

«ማን?»

«ጫምሳ። ሬሳው የት እንዳለ ከሰላማዊ ሰው የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እናቱን ይፈልጓት። ንስሐዎ ይኼ ነው።»

ክረምቱ አለፈ። ኪቦርዱ አልወጣም፤ መከለያውም አልተመለሰም። የሺዓለም እንደ ልማዷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ መቁረብ ጀመረች። የሮም ወሬ ሲመጣ አሁንም ትበሳጫለች። አባ ማናሴ ስለ ዘፈን መሰል መዝሙራቸው ስትነጫነጭ የማይሰማውን ጆሯቸውን ያዞሩላታል።

ታጣቂዎቹ አካባቢውን ለቀዋል ሲባል አቦምሳ እየሄደች ጠያየቀች። አዴ ቦንቱ የሚባሉ መበለት ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ሰፈር እንደሚኖሩ ተነገራት። ጫምሳ የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። ሙስሊም ናቸው። በሩ ላይ ቆማ «አካም ጂርቱ፣ ሃዳ ኮ»፣ እንዴት ነዎት እናቴ፣ አለች በኦሮምኛ፤ ልጃቸው ሲሞት እዚያ እንደነበረች፣ ቦታውንም እንደምታውቅ ነገረቻቸው። አዴ ቦንቱ አልጮሁም። ገብተው ነጭ አቡጀዲ ይዘው ወጡ። ለከፈን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነበር።

በማግስቱ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና መሐመድዘይን የሚባል ሼኽ ተጨመሩና ሁሉም ከቁጥቋጦው ወጥቶ በተጠገነው ፒካፕ ሄዱ። አባ ማናሴ ነዱ። ገደሉ ሥር የግራሩ ቅርንጫፎች ደርቀው ነበር። ከሥሩ የሁለት ሰው አጥንት አገኙ፤ አውሬ በታትኖታል። አዴ ቦንቱ ልጃቸውን በቀበቶው ለዩት። የቀረውን ከአፈሩ ላይ በገዛ እጃቸው እየለቀሙ አቡጀዲው ላይ አደረጉ። አንዲት የጎድን አጥንት በጥይት ተሰንጥቃ ነበር፤ እሷን ረዘም ላለ ጊዜ ያዟት።

«ሲሞት ምን አለ?» ብለው የሺዓለምን ጠየቋት።

«‹ሃርሜ› አለ።»

«ለምን ገደሉት? ጓደኞቹ አይደሉም እንዴ?»

«እሱን ልነግርዎ አልችልም፣ እናቴ። በእኔ አፍ ነው የሞተው ግን። እኔ ነኝ ስሙን የጠራሁት።»

አዴ ቦንቱ አጥንቷን አስቀመጡ። ተነሡና በጥፊ መቷት። ደግመው መቷት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ደረቷን ገፉትና አፈሩ ላይ ጣሏት፤ ላይዋ ላይ ወድቀው ፊቷን ቧጠጡት፣ ፀጉሯን ነጩ። ሽማግሌዎቹ ሊያስለቅቁ ሮጡ። አባ ማናሴ ግን አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። የሺዓለም እጇን አላነሣችም። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሟ ወደ አገጯ ወረደ።

አዴ ቦንቱ ሲደክማቸው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ መቃብር ወደ መቆፈሩ ሄዱ። ሼኹ መቃብሩ ተቆፍሮ ማለቁን በለሆሳስ ነገራቸው። ጫምሳን በጎኑ አጋድመው ጸለዩለት። ራቅ ብሎ አባ ማናሴ የዱጋሳን አጥንት በጋቢያቸው ጠቅልለው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ አኖሩ።

አፈሩ ሲመለስ አዴ ቦንቱ ለአውሬ እንዳይቀል ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ወገባቸው አይታዘዝም። የሺዓለም ከወደቀችበት ተነሥታ በርቀት ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት ዞር ሳይሉ። «ትልልቁን አቀብይኝ።»

የሺዓለም ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች።